ጥንታዊት ግብፅ በክታቦቿ ስትታይ



ስለ ጥንታዊት ግብፅ ሊናገር የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከፒራሚድ ይጀምራል። እኔ ዛሬ የምጀምረው በሁለት ጣት ተይዞ ከሚታይ ነገር ነው። የጥንት ግብፃውያን በአንገታቸው፣ በክንዳቸው፣ በወገባቸውና በጸጉራቸው ጉንጉን ላይ ያስሩት ስለነበረው፣ ሲሞቱም በከፈናቸው እጥፋት ውስጥ አብሯቸው ይቀበር ስለነበረው ክታብ ልነግራችሁ ነው። ክታብ ስል በብራና የተጻፈውን ብቻ ማለቴ አይደለም፤ ከድንጋይ፣ ከወርቅ፣ ከአጥንት ወይም ከሌላ ነገር ተቀርጾ፣ ባለቤቱን ከክፉ ይጠብቃል ተብሎ ከገላ የማይለየውን ሁሉ ነው።

ነገሩ ረጅም ዕድሜ አለው። በላይኛው ግብፅ ባዳሪ በሚባለው አካባቢ ከ6000 ዓመት በፊት በተቆፈሩ መቃብሮች ውስጥ ጥቃቅን የጉማሬና የሚዳቋ ራስ ቅርጾች ተገኝተዋል። ያኔ ፈርዖን የለም፤ ፒራሚድ የለም፤ ጽሕፈትም ገና አልተጀመረም። ክታብ ግን ነበረ።

ፒራሚድ የሚነግረኝ አንድ ንጉሥ ስንት ሰው ማዘዝ ይችል እንደነበር ነው። ክታብ የሚነግረኝ አንዲት እናት ልጇ ሌሊት ሲያተኩሰው ምን ትፈራ እንደነበር፣ አንድ ሽማግሌ ሞቱ ሲቃረብ ከምን ይሰጋ እንደነበር ነው። የግብፅን ሕዝብ ከነስጋቱና ከነፍቅሩ የምናገኘው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። የዛሬው ንግግሬ ይህንኑ ለማሳየት የሚሞክር ነው።

በዘመናችን ከተሰማው ልነሣ። እ.ኤ.አ. በ1916 በደቡብ ግብፅ፣ በኤድፉ አካባቢ፣ ናግ ኤል ሐሳይ ከተባለ የመቃብር ስፍራ የአንድ ወጣት የደረቀ አስከሬን ወጣ። ወደ ካይሮው የግብፅ ሙዚየም ተወሰደና ከፈኑ ሳይፈታ ምድር ቤት ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ ተቀመጠ። የካይሮ ዩኒቨርሲቲዋ የራዲዮሎጂ ሊቅ ፕሮፌሰር ሳሐር ሳሊም ከባልደረቦቻቸው ጋር በሲቲ ስካን መረመሩትና ውጤቱን እ.ኤ.አ. በጥር 2023 አሳተሙ። ልጁ ሲሞት 14 ወይም 15 ዓመት ገደማ ነበር፤ የኖረውም ከ2300 ዓመት በፊት ነው። በከፈኑ እጥፋቶችና በገላው ውስጥ 49 ክታቦች ተገኙ፤ በቅርጽ 21 ዓይነት ናቸው፤ ብዙዎቹ የወርቅ ናቸው። በሦስት ረድፍ ተደርድረው ነበር። አፉ ውስጥ የወርቅ ምላስ ተቀምጦለታል፤ በወዲያኛው ዓለም እንዳይዘጋበት፣ መናገር እንዲችል። ደረቱ ውስጥ የወርቅ ጢንዚዛ አለ።

ለአንድ የ15 ዓመት ልጅ 49 ክታብ! ወላጆቹ ሀብታም እንደነበሩ ግልጽ ነው፤ ግን ወርቁን ለጊዜው እንተወውና ድርደራውን እንመልከት። እያንዳንዱ ክታብ የራሱ ቦታ አለው፤ ጉሮሮ ላይ የሚቀመጠው ሆድ ላይ አይቀመጥም። ያዘጋጁት ሰዎች የልጁን ገላ ከራስ እስከ እግር እያሰቡ፣ አደጋ ሊገባበት የሚችለውን ቀዳዳ ሁሉ አንድ በአንድ ዘግተዋል። ይህ የተጠና፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲዳብር የቆየ ዕውቀት ነበር።

ወደ ጢንዚዛው ልመለስ፤ ከሁሉ የበለጠ ማቆየት የምፈልገው እሱ ዘንድ ነው። እበት እያንከባለለ የሚሄደውን ጥቁር ጢንዚዛ ሁላችንም አይተነዋል። እበቱን አድቦልቡሎ ይገፋዋል፤ መሬት ውስጥ ይቀብረዋል፤ ከዚያ ከመሬት አዲስ ጢንዚዛ ይወጣል። ግብፃውያን ይህን ሲያዩ ፀሐይን አሰቡ። ፀሐይም በሰማይ ላይ ትንከባለላለች፤ ምሽት ላይ ትቀበራለች፤ ማለዳ እንደ አዲስ ትወለዳለች። ስለዚህ የንጋቱን ፀሐይ አምላክ ኬፕሪን በጢንዚዛ መልክ ሣሉት። ከእበት ውስጥ የሚወጣ ፍጥረት የትንሣኤ ምልክት ሆነ። በየመንገዱ የሚረገጠውን ነፍሳት ጎንበስ ብሎ ያየ፣ አይቶም የዓለምን ምሥጢር ያገኘበት ሕዝብ እጅግ ያስደንቀኛል።

በሕይወት ያሉት ትንንሹን የጢንዚዛ ክታብ እንደ ቀለበትና እንደ ማኅተም ይይዙት ነበር። ለሟች የሚሠራው ግን ተለቅ ያለ ነው፤ የልብ ጢንዚዛ ይባላል። አስከሬን አድራቂዎቹ ሳንባን፣ ጉበትን፣ ጨጓራንና አንጀትን ያወጣሉ፤ አንጎልን ይጥሉታል፤ ልብን ግን በስፍራው ይተዉታል። ለግብፃዊ የሚያስበው፣ የሚያስታውሰው፣ የሠሩትን ሁሉ መዝግቦ የሚይዘው ልብ ነው። ሟች በሙታን ፈራጅ በኦሲሪስ ፊት ሲቀርብ ልቡ በሚዛን አንድ ወገን ይቀመጣል፤ በሌላው ወገን የእውነትና የፍትሕ ምልክት የሆነችው የማኣት ላባ ትቀመጣለች። ልብ በኃጢአት ከብዶ ከተገኘ፣ አጠገቡ የምትጠብቀው፣ ራሷ አዞ፣ የፊት አካሏ አንበሳ፣ የኋላ አካሏ ጉማሬ የሆነችው አውሬ ትውጠዋለች፤ ያ ሰው ዳግመኛ አይኖርም።

እንግዲህ ግብፃዊው እዚያ ሚዛን ፊት የሚፈራው ማንን ነበር? የገዛ ልቡን። በጢንዚዛው ሆድ ላይ የሚቀረጸው ጸሎት፣ ዛሬ መጽሐፈ ሙታን የምንለው ስብስብ 30ኛ ምዕራፍ፣ የሚለምነው ልብን ነው፤ በፍርድ ቀን በባለቤቱ ላይ ተነሥቶ እንዳይመሰክርበት። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ሲያነብቡ ግብፃውያን ፍርድን በአስማት ሊያታልሉ ፈለጉ ይላሉ። እኔ ይህን ፍርድ አልቀበለውም። ልቡን ዝም በልልኝ ብሎ የሚለምን ሰው፣ ልቡ እውነቱን እንደሚያውቅ አስቀድሞ አምኗል። ከጠላት፣ ከእባብ፣ ከአጋንንት ሁሉ ይልቅ የገዛ ኅሊናቸው ምስክርነት ያስጨነቃቸው ሰዎች ናቸው። በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው የንጉሥ ሶበከምሳፍ የልብ ጢንዚዛ ከአረንጓዴ ኢያስጲድ የተሠራ ነው፤ በወርቅ ተለብጧል፤ ፊቱም የሰው ፊት ነው። ንጉሥም ቢሆን ልቡን ይፈራ ነበር ማለት ነው።

ሌላው በየሙዚየሙ በብዛት የምታገኙት የሆረስ ዓይን ነው። ሆረስ የተባለው አምላክ በአባቱ በኦሲሪስ ዙፋን ምክንያት ከአጎቱ ከሴትሕ ጋር ሲታገል ዓይኑ ተጎዳበት፤ የጥበብና የጽሕፈት አምላክ የሆነው ቶት አዳነው። ስለዚህ ይህ ዓይን ተጎድቶ የዳነ ዓይን ነው፤ ኃይሉም ከዚያ ይመጣል። ፈጽሞ ያልቆሰለ ነገር ስለ መዳን ምን ሊያውቅ ይችላል? ሰዎች በሕይወት እያሉ ለጤና ያስሩታል። ለሟችም ዋና ሥራ አለው። አስከሬን አድራቂዎቹ የሆድ ዕቃ ለማውጣት ግራ ጎኑን ይሰነጥቁታል፤ የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ መሣሪያቸው ስለታም የኢትዮጵያ ድንጋይ እንደነበር ጽፏል፤ በግሪኮች አጠራር ይህ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገር ሁሉ ያመለክታል። ያ ስንጥቅ በገላው ላይ የቀረ ቁስል ነው። በላዩ ላይ የሆረስ ዓይን ያለበት ሰሌዳ ይደረግበታል። አርኪዮሎጂስቱ ፒየር ሞንቴ እ.ኤ.አ. በ1940 ታኒስ ላይ ባገኘው የንጉሥ ፕሱሴንስ መቃብር ውስጥ ይህ ሰሌዳ የወርቅ ነበር። ለድሃው ከሰም ወይም ከቀጭን ቆርቆሮ ይሠሩለታል፤ ዓይኑ ግን ያው ዓይን ነው። በኋለኛው ዘመን በዚያው በቁስሉ አጠገብ ሌላ ክታብም ተጨመረ፤ ከጥቁር ባልጩት የተሠራ፣ ጎን ለጎን የቆሙ የሁለት ጣቶች ቅርጽ።

ቅርጹ ብቻውን ግን ክታብን ክታብ አያደርገውም። ቀለሙም ይናገራል። አረንጓዴ የለመለመው ደንገል ቀለም ስለሆነ ጤንነትና ዳግም ማቆጥቆጥ ነው። ቀይ ደም ነው፣ እሳትም ነው፤ ስለዚህ ያድናል፣ ያስፈራልም። ሰማያዊ ሰማይና ዓለም የተገኘበት የመጀመሪያው ውኃ ነው። ወርቅ ስለማይዝግ የአማልክት ሥጋ ይባል ነበር። ኢሲስ በምትባለው አምላክ ስም የሚጠራውን ቋጠሮ፣ የሴት መቀነት የመሰለውን ክታብ፣ ከቀይ ኢያስጲድ ሥሩት ይላል መጽሐፈ ሙታን፤ የኢሲስን ደም ስለሚወክል። የእሱ ጓደኛ የኦሲሪስ የጀርባ አጥንት የሚባለው ዓምድ ነው፤ ሟች ዳግመኛ ቀጥ ብሎ እንዲቆም የወርቁ በጉሮሮው ላይ ይደረግለታል። ሚስትና ባል፣ ቋጠሮና ዓምድ፣ ብዙ ጊዜ አብረው ይገኛሉ።

ለቀለም ሲባል ስንት አገር ተረግጧል! ጥቁር ሰማያዊው ላፒስ ላዙሊ የሚመጣው ዛሬ አፍጋኒስታን ከምንላት አገር ተራሮች ነው። ቱርኩዙ ከሲና በረሃ፣ ከሰራቢት ኤል ኻዲም ይቆፈራል። ወርቁ ከምሥራቁ በረሃና ከኑቢያ ይመጣል። ይህን ሁሉ ማግኘት የሚችለው ግን ቤተ መንግሥቱና ጥቂት ባለጸጋ ነው። የቀረው ሕዝብ ምን ያድርግ?

እዚህ ላይ የግብፅ የእጅ ባለሙያዎች የፈለሰፉት ነገር ይመጣል፤ ዛሬ ፋያንስ እንለዋለን። ኳርትዝ የሚባለውን ነጭ ድንጋይ ወይም አሸዋውን ያደቅቁታል፤ ጥቂት ኖራ፣ ከጨው ሐይቅ የሚወጣ ናትሮን ወይም የእንጨት አመድ፣ ከመዳብ የተገኘ ማቅለሚያ ይጨምሩበታል፤ በውኃ ለውሰው በሸክላ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይጫኑታል። ሲደርቅ ጨዉ መዳቡን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። ምድጃ ውስጥ ሲገባ ያ ጨው ይቀልጥና የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ መስታወት ሆኖ ገላውን ይለብሰዋል። ከአሸዋና ከአመድ የሰማይ ቀለም ወጣ ማለት ነው። አርኪዮሎጂስቱ ፍሊንደርስ ፔትሪ እ.ኤ.አ. በ1891 እና በ1892 አማርና ላይ ሲቆፍር እነዚህን የሸክላ ቅርጽ ማውጫዎች በሺህ እየቆጠረ ነው ያገኛቸው። ንጉሡ በላፒስ የሚይዘውን ድሃው በፋያንስ ያዘው፤ ቀለሙ እስካልተለወጠ ድረስ ጥበቃውም ያው ነው ብለው ያምኑ ነበር። በጥንቱ ዓለም ንጉሥና አራሽ በእኩል የያዙት ነገር ጥቂት ነው፤ ይህ አንዱ ነው።

አማርናን ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልናገር። አማርና የአኬናተን ከተማ ናት። ይህ ንጉሥ ከአተን፣ ከፀሐይዋ ክበብ በቀር ሌላ አምላክ አይመለክ ብሎ የተነሣ፣ አሙን የተባለውን አምላክ ስም ከቤተ መቅደስ ግድግዳ ያስፋቀ ሰው ነው። ከተማዋንም ለዚሁ ብሎ ቆረቆራት። ሆኖም በዚያችው ከተማ በሠራተኞችና በነዋሪዎች ቤት ውስጥ የቤስና የታወሬት ክታቦችና ቀለበቶች ተገኝተዋል። እነዚህ ሁለቱ እነማን ናቸው? ቤስ አጭር፣ እግረ ወልጋዳ፣ የአንበሳ ጋማ ያለው፣ ምላሱን አውጥቶ ክፉውን የሚያስፈራራ የቤት ጠባቂ ነው። ታወሬት የነፍሰ ጡር ሆድ ያላት ጉማሬ ናት፤ እግሯ የአንበሳ፣ ጀርባዋ የአዞ ነው፤ በሁለት እግሯ ትቆማለች። ዓባይ ዳር ያደገ ሰው ግልገሏን የምትጠብቅ እናት ጉማሬ ምን ያህል አስፈሪ እንደሆነች ያውቃል። ግብፃውያን ያንን ቁጣ ለምጥ ለተያዘች ሴት ጠባቂ አደረጉት። ንጉሡ የአገሪቱን ሃይማኖት በአዋጅ ለወጠ፤ የወላዷን መኝታ ቤት ግን መለወጥ አልቻለም። ስለ አኬናተን ከተጻፉት ብዙ ድርሳናት ይልቅ እነዚህ የጣት ጫፍ የሚያህሉ ጉማሬዎች ስለዚያ ዘመን እውነቱን ይነግሩኛል።

የወላድ ነገር ከተነሣ ዛጎልም አለ። ዛጎልን የእኛም አገር ሰው ጠንቅቆ ያውቀዋል። ግብፃውያን ቅርጹን ከሴት አካል ጋር አያይዘው የማሕፀን ጠባቂ አደረጉትና በወገብ አሰሩት። እ.ኤ.አ. በ1914 ላሁን ላይ በልዕልት ሲትሐቶርዩኔት መቃብር የተገኘው መቀነት በወርቅ ዛጎሎች የተሠራ ነው፤ ዛጎሎቹ ውስጣቸው ክፍት ሆኖ ጥቃቅን የብረታ ብረት ፍሬዎች ስላሉባቸው ልዕልቲቱ ስትራመድ ይንሿሹ ነበር። ዛሬ ኒው ዮርክ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል።

ሴት ልጆች ደግሞ በሹሩባቸው ጫፍ የዓሣ ቅርጽ ያንጠለጥሉ ነበር፤ ከመስጠም እንዲጠብቃቸው። በርሊን በሚገኝ አንድ ፓፒረስ ላይ ስለዚህ ዓሣ የተጻፈ ተረት አለ። ንጉሥ ስነፍሩ ልቡ ቢከፋው ሃያ ልጃገረዶች በሐይቅ ላይ ጀልባ እየቀዘፉ እንዲያዝናኑት ያደርጋል። ከመካከላቸው የአንዷ የቱርኩዝ ዓሣ ውኃ ውስጥ ወደቀባትና መቅዘፉን አቆመች። ንጉሡ ሌላ ልስጥሽ ቢላት የራሷን እንጂ ምትክ አልፈልግም አለች። በመጨረሻ ጠቢቡ ካህን የሐይቁን ግማሽ ውኃ በግማሹ ላይ አጥፎ ዓሣውን ከታች አነሣላት። ተረት ነው፤ ግን የተረቱ ደራሲ አንዲት ቀዛፊ ልጅ ስለ ክታቧ ንጉሥን እምቢ ስትል እንደማያስገርም አድርጎ ነው የጻፈው። ሐራጋ ላይ ከአንድ ሕፃን መቃብር የወጣ እውነተኛ የወርቅ ዓሣ አለ፤ ዛሬ ስኮትላንድ በብሔራዊ ሙዚየም ተቀምጧል። ቅርፊቶቹና ክንፎቹ ሳይቀሩ አንድ በአንድ ተቀርጸዋል። ለሕፃን ተብሎ ይህን ያህል ተለፍቷል።

በዚያ ዘመን ብዙ ሕፃናት ሳያድጉ ይሞቱ ነበር። ጀርመናዊው ሊቅ አዶልፍ ኤርማን እ.ኤ.አ. በ1901 ያሳተመው ሌላ የበርሊን ፓፒረስ ለእናትና ለልጅ የሚደገሙ ድግምቶችን ይዟል። በጨለማ ሾልካ የምትገባ፣ ፊቷን ወደ ኋላ ያዞረች፣ ሕፃኑን ልትስመው ወይም ልታስተኛው መስላ የምትመጣ ሙት መንፈስ እንዳትቀርበው ይከለክላል። ከቃሉ ጋር የሚደረገውም ተጽፏል፤ ክር ላይ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ እያሉ ሰባት እስኪሞላ ድረስ መቋጠር፣ ዶቃና ማኅተም አብሮ በልጁ አንገት ማንጠልጠል። ይህን ለማድረግ እናቲቱ ለቀናት ከልጁ አጠገብ አትርቅም። ቋጠሮው መድኃኒት ባይሆንም ጠዋትና ማታ ልጁን የሚያይ ሰው መኖሩ ራሱ ቀላል ነገር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1070 ገደማ ጀምሮ፣ የተጻፈ ክታብ ይመጣል። በረጅምና ጠባብ ፓፒረስ ላይ አማልክቱ ለአንድ ልጅ በስሙ ቃል ይገቡለታል፤ ከእባብና ከጊንጥ፣ ከዓይን ሕመም፣ ከሚደረመስ ግድግዳ፣ ከክፉ ዓይን፣ በጉድጓድና በቦይ ውስጥ ከሚኖሩ መናፍስት እንደሚጠብቁት አንድ በአንድ ይዘረዝራሉ። ጽሑፉ ተጠቅልሎ በማኅደር ውስጥ ይገባና በልጁ አንገት ይታሰራል። ኤድዋርድስ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1960 አሰባስቦ አሳትሟቸዋል። በእኛ አገር በባለቤቱ ቁመት ልክ የሚዘጋጀውን፣ ስሙ የሚጻፍበትን፣ በቆዳ ማኅደር የሚያዘውን የብራና ክታብ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ልቡ መነሣቱ አይቀርም። ነገር ግን መቸኮል የለብንም። በሁለቱ መካከል ብዙ መቶ ዓመታትና የሃይማኖት ለውጥ አለ፤ መመሳሰል ብቻውን የዘር ሐረግ አይሆንም። ለልጅ መጨነቅ በየትም አገር አንድ ስለሆነ መልሱም ሊመሳሰል ይችላል።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘን በእጅ የሚያዝ ማስረጃ ሌላ ነው። ኢሲስ ልጇን ሆረስን በዓባይ አፍ ረግረግ ውስጥ ደብቃ ስታሳድገው ጊንጥ ነደፈው። ጩኸቷ የፀሐይን ታንኳ አቆመ፤ ቶት ወርዶ ሕፃኑን አዳነው። በዚህ ታሪክ መነሻነት ግብፃውያን የድንጋይ ጽላት ይቀርጹ ነበር፤ ሕፃኑ ሆረስ አዞዎችን ረግጦ፣ በሁለት እጁ እባቦችና ጊንጦች ጨብጦ ይቆማል፤ ከራሱ በላይ የቤስ ፊት አለ፤ ዙሪያውና ጀርባው ሁሉ ጽሑፍ ነው። ውኃ በላዩ ላይ ይፈስሳል፤ ጽሑፉን ያጠበውን ውኃ የተነደፈው ሰው ይጠጣዋል። ትልቁና ታዋቂው በዳግማዊ ነክታኔቦ ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት፣ የተሠራው ነው፤ የግብፅ ገዥ የነበረው መሐመድ አሊ እ.ኤ.አ. በ1828 ለኦስትሪያው መስፍን ለሜተርኒክ ስለሰጠው በእርሱ ስም ይጠራል። ትንንሾቹ ደግሞ በቤት ይቀመጣሉ፣ በአንገትም ይንጠለጠላሉ።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 ምጽዋ ገብቶ በአክሱም በኩል ወደ ጎንደር የሄደ መንገደኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ ከአክሱም የተገኘ ብሎ የአንድ ጽላት ሥዕል አውጥቷል። ሥዕሉን ያየ ሁሉ ይለየዋል፤ አዞ ረግጦ የቆመው ሆረስ ነው። ጊንጥና እባብ ለአክሱም ሰውም እንግዳ አልነበሩም።

ይህ ብቻውን አይደለም። ከአክሱም ብዙ በማይርቀው ሐውልቲ በተባለው ስፍራ ፈረንሳዊው አንሪ ደ ኮንተንሶን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲቆፍር ሁለት ጥቃቅን የግብፅ ክታቦች አግኝቷል። አንዱ የሐቶር ነው፤ ሐቶር የፍቅርና የእናትነት አምላክ ናት። ሌላው ፓታይኮስ የሚባለው ድንክ ነው፤ ሕፃናትን ከእባብና ከአዞ ይጠብቃል የሚባለው። አክሱም ገና መንግሥት ሳትሆን፣ በኑቢያ በኩል ይሁን በቀይ ባሕር፣ አንድ ሰው እነዚህን ይዞ ትግራይ ደጋ ላይ ወጥቷል። ከግብፅ ወደ እኛ የመጣው የንጉሥ ሐውልት ቢሆን ኖሮ ስለ ዲፕሎማሲ እናወራ ነበር። የመጣው ግን እናትንና ሕፃንን የሚጠብቅ ነገር ነው፤ ይህም ስለ ሰዎች ቤት እንድናስብ ያስገድደናል።

ስለ ሐውልቲ ክታቦች ይህን ማለት የቻልኩት ግን የተገኙበት ስፍራ ስለሚታወቅ ብቻ ነው። ይህ ነገር ዋና ስለሆነ ንግግሬን ከመጨረሴ በፊት ጥቂት ልቆይበት።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1100 ገደማ፣ በዘጠነኛው ራምሴስ ዘመን፣ ቴብስ ላይ የመቃብር ሌቦች ተያዙ። ቃላቸው የተጻፈበት ፓፒረስ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ክፍል ኒው ዮርክ፣ ሌላው ብራስልስ ይገኛል፤ የብራስልሱን ቤልጂጋዊው ሊቅ ዣን ካፓር እ.ኤ.አ. በ1935 በአንድ የእንጨት ምስል ሆድ ውስጥ አገኘው። አሙንፓኑፈር የተባለው ድንጋይ ጠራቢ ሶበከምሳፍ የተባለ ንጉሥ መቃብር ውስጥ ገብተው በአንገቱ ላይ የነበሩትን ብዙ የወርቅ ክታቦች እንደወሰዱ፣ ሣጥኖቹን እንዳቃጠሉ ተናዘዘ። ወርቁ 160 ዴበን ሆነ፤ ዛሬ 14 ኪሎ ተኩል ያህል ነው፤ ለስምንት ተካፈሉት። ያ ወርቅ ቀልጦ ሲወጣ የንጉሡ ክታቦች የተናገሩት ሁሉ አብሮ ቀለጠ።

ተቃራኒውን ደግሞ እንይ። ፔትሪ እ.ኤ.አ. በ1888 እና በ1889 ፋዩም ውስጥ ሐዋራ ላይ ሆሩጃ የተባለ ሰው መቃብር አገኘ። መቃብሩ ውኃ ሞልቶት ነበር። ፔትሪ በዚያ ውኃ ውስጥ እየሠራ ሣጥኑን አወጣ፤ ከፈኑን ንብርብር በንብርብር እየገለጠ የትኛው ክታብ የት እንደተቀመጠ፣ ምን አጠገብ እንደነበር በሥዕል መዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1914 ያሳተመው የክታቦች መጽሐፉ 275 ዓይነት ይለያል፤ ዛሬም የሚጠና መጽሐፍ ነው። ሃዋርድ ካርተርና ሐኪሙ ዳግላስ ዴሪም እ.ኤ.አ. ከኅዳር 11 ቀን 1925 ጀምሮ የቱታንካሙንን ከፈን ሲፈቱ ያገኟቸውን 143 ዕቃዎች ቦታቸውን እየመዘገቡ ነው ያነሷቸው። ከእነዚያ አንዱ እኛ ብርኩማ የምንለው ዓይነት የራስ መደገፊያ ነው፤ ከብረት የተሠራ፣ ብረት ከወርቅ ይልቅ ብርቅ በነበረበት ዘመን። ከንጉሡ ራስ ሥር ስለተገኘ ሟቹ ራሱን ቀና አድርጎ እንዲነሣ የተደረገለት መሆኑን አወቅን። አንድ ሰው ከገበያ ገዝቶት ቢሆን ኖሮ መጫወቻ ነው ባልን ነበር።

ዛሬ በዓለም ዙሪያ በየግል ሳጥኑና በየጨረታው የሚታየው የግብፅ ክታብ ብዙው ከየትኛው መቃብር፣ ከየትኛው ገላ፣ ከየትኛው አንገት እንደተነሣ የሚናገርለት የለም። ጢንዚዛው አለ፤ ልቡ የለም። ግብፅ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣችው ሕግ ቁጥር 117 የጥንት ቅርስ ንግድን ከልክላለች፤ ያም ሆኖ ሌብነቱ አልቆመም።

ስለዚህ በዚህ አዳራሽ ላላችሁ ሁሉ፣ በተለይም ከአክሱም፣ ከየሐ፣ ከሐውልቲና ከመሰል ስፍራዎች አካባቢ ለመጣችሁ፣ አንድ ልመና አለኝ። እርሻ ስታርሱ፣ የቤት መሠረት ስትቆፍሩ፣ ጎርፍ ገደሉን ሲያጥበው ሰማያዊ ፍሬ፣ የተቀረጸ ድንጋይ ወይም ያልተለመደ ዶቃ ካያችሁ አታንሡት፤ አትጠቡት፤ ለሚጠይቃችሁ ነጋዴም አታሳዩት። እንዳለ ትታችሁ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም ለቅርስ ባለሥልጣን አስታውቁ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይህን ግዴታ አድርጎታል። ነገሩን ልጆቻችሁም እንዲያውቁት ንገሯቸው፤ እንዲህ ያለውን ነገር አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚያየው ከብት የሚጠብቅ ልጅ ነውና።